ሽንኩርቱን እንዳትተዉ፦ ሁለት ቺዝስቴክ በአንድ ቀን

ባለፈው ሐሙስ ከአክስቴ ልጅ ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተነስተን ፊላደልፊያ ገባን። በማግስቱ ጾም ስለሆነ ቀኑን አስበንበት ነው። የሄድነው ለቺዝስቴክ ብቻ ነው፤ የተጠበሰ ስጋና ቺዝ ዳቦ ውስጥ የሚገባበት ሳንድዊች ነው።

መጀመሪያ ደቡብ ፊላደልፊያ፣ ፓትስ የሚባለው ቺዝስቴክ ቤት። ፓት ኦሊቪየሪ እዚያ ሆት ዶግ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ስጋ በሽንኩርት ጠብሶ ዳቦ ውስጥ ከተተ፤ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ያኔ ቺዝ አልነበረበትም፤ በኋላ ነው የተጨመረው። ፊት ለፊቱ ከ1966 ጀምሮ ተፎካካሪው ጂኖስ አለ።

ወረፋው ሲደርስ ቶሎ ነው የሚታዘዘው። “ዊዝ ዊት” አልን። ዊዝ ቢጫው ፈሳሽ ቺዝ ነው፣ ዊት ደግሞ ከነሽንኩርቱ። ስጋው በስሱ የተቆረጠ፣ ዳቦው ረጅም። ጎንበስ ብላችሁ ብሉ፤ አለዚያ ሸሚዛችሁ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ጣፋጭ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል።

ከዚያ ድልድዩን ተሻግረን ካምደን፣ ኒው ጀርሲ፣ ዶንኪስ ፕሌስ ሄድን። ልቤን የወሰደው ይሄኛው ነው። ቤቱን በ1943 የከፈተው ሊዮን ሉካስ ቦክሰኛ ነበር፤ ቡጢው እንደ አህያ ርግጫ ነው ተብሎ “ዶንኪ” የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። እዚህ ዳቦው ክብ ነው፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ተነስንሶበታል። ሽንኩርቱ ግን! እናቶቻችን ለወጥ እንደሚያቁላሉት ቡናማ እስኪሆን ቆይቷል። ጣፍጧል፣ ለስልሷል፣ ከስጋው ጋር ተዋህዷል። የታችኛው ዳቦ መረቁን ጠጥቶ እንደ ፍትፍት ርሷል። ገና አንዴ እንደጎረስኩ የአክስቴ ልጅን ቀና ብዬ አየኋት። እሷም ዝም ብላ እየበላች ነው።

ፔንስልቬንያ ውስጥ አለንታውን አካባቢ የቲማቲም ሶስ ያደርጉበታል። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ማዮኔዝ ሲገባበት ደግሞ ቺዝስቴክ ሆጊ ይባላል። ሁሉም የራሱ ወዳጅ አለው። እኛ ሰፈር ግን አንድ ቤት “ፊሊ” (የፊላደልፊያ ቺዝስቴክ ማለት ነው) ብሎ የሸጠልኝ ቃሪያና እንጉዳይ የሞላበት ነበር፤ ዳቦው ደረቅ፣ ሽንኩርቱ ጥሬ። ሽንኩርቱ ካልበሰለ የቀረው ምን ያደርግልኛል?

ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ጊዜ ካላችሁ ካምደን ሂዱ። በባዶ ሆድ ሂዱ።

ለመንገድ አንድ አስጠቀለልን። ባልቲሞር ሳንደርስ ወረቀቱ ብቻ ቀረ።