ለፊክስድ ጊር የሚሆን ርካሽ ክራንክ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይተው

አሮጌ የኮርስ ብስክሌት ወደ ፊክስድ ጊር ሲቀየር ገንዘቡ ቀድሞ የሚያልቀው በቸርኬና በጎማ ነው፤ ለክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሎቹ ለሚታሰሩባቸው ክንዶችና ለፊት ጥርሱ፣ የሚተርፈው ሽርፍራፊ ነው። በፊክስድ ጊር፣ ማለትም ፔዳሉ ሁልጊዜ ከኋላ ጎማው ጋር በሚዞር ብስክሌት ላይ ግን ክራንኩ ፍጥነት መቀነሻም ጭምር ነው። እግር ወደ ኋላ ሲገታ ጭነቱ አቅጣጫውን ይገለብጣል፣ ተመልሶ ወደ ፊት ሲረገጥ እንደገና ይገለበጣል። በተራ ብስክሌት ላይ ለዓመት ሳይታወቅ የሚኖር ትንሽ ልልነት እዚህ ቶሎ ይጋለጣል። ስለዚህ እኛ ርካሽ ክራንክ ስናወዳድር ክብደትና ስም ወደ ኋላ ሄደው ሦስት ነገር ይቀድማል፦ የፊት ጥርሱ በብሎን የሚፈታ መሆኑ፣ ክብ ሆኖ ሳይወላገድ መዞሩ፣ ፔርኖው (ክራንኩ የሚገባበት ዘንግ) ላይ ቁርጥ አድርጎ መያዙ።

አንደኛ ምርጫችን ያገለገለ የአሉሚኒየም የኮርስ ክራንክ ነው፤ ባለ አምስት ብሎን፣ በአራት ማዕዘን ፔርኖ ላይ የሚገባው። ሺማኖም ሆነ ሱጊኖ ለውጥ የለውም። ሁለቱ ጥርሶች ይፈቱና አንዱ ብቻ ይመለሳል፤ ሲያልቅ ክራንኩ ሳይጣል ጥርሱ ይቀየራል። ጥርሱ የሚታሰርበትን ልክ ለማወቅ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ብሎኖች ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። 76.4 ሚሊ ከሆነ 130 የሚባለው (ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ስፋት በሚሊ) ነው፣ 64.7 ከሆነ 110፣ 79.4 ከሆነ ደግሞ የካምፓኞሎው 135። በ130 ላይ እስከ ባለ 38 ጥርስ ድረስ መውረድ ይቻላል፤ ለከተማችን ዳገት ከበቂ በላይ ነው። 135ቱን በነጻ በሚባል ዋጋ ቢሰጧችሁ እንኳ ተዉት፤ ጥርስ ሲያልቅ መተኪያ ፍለጋው ያንከራትታል።

ያገለገለ ክራንክ መርካቶ ምናለሽ ተራም ተገኘ ፒያሳ ካለ ጠጋኝ ዘንድ፣ መጀመሪያ የሚታየው አራት ማዕዘን ቀዳዳው ነው። የስልክ መብራት አብርታችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። አራቱ ግድግዳዎች ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኖቹ ስል መሆን አለባቸው። ማዕዘኑ ከተድበለበለ ወይም ብረቱ በአንድ ወገን ተጨፍልቆ ከንፈር ካወጣ፣ ያ ክራንክ ልል ሆኖ ተነድቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ አይይዝም። «ቶርኖ ቤት ያስተካክሉታል» ለሚለው ጆሮ አትስጡ። የተበላ አሉሚኒየም በብየዳ ቢሞላ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይወስደዋል፤ የቆርቆሮ ቁራጭ ቢጠቀጠቅበትም ተጨፍልቆ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚበላው የግራው ነው፣ እሱን በደንብ እዩት። ቀጥሎ የፔዳሉን ቀዳዳ ዙሪያና ክንዱ ጥርሱን ከሚይዙት አምስት ጣቶች ጋር የሚገናኝበትን ጉሮሮ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠርጉና ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ ስንጥቅ ነው፣ አትግዙት። በመጨረሻም የማውጫ መሣሪያው የሚገባበት 22 ሚሊ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ሙሉ ይሁን፤ ከተላጠ ክራንኩን ያለ መዶሻ ማውጣት አይቻልም።

አዲስ ሆኖ ብዙ የሚሸጠው በሪቬት የተያያዘ ባለ ሦስት ጥርስ የማውንቴን ክራንክ ነው፤ የሺማኖ ቱርኒ ደረጃና መሰሎቹ። ለጊር ብስክሌት ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ለፊክስድ ጊር ግን አንመክረውም። ጥርሱ ከቆርቆሮ ተጨፍልቆ የወጣ ስለሆነ ትንሽ ይወላገዳል፣ በሪቬት ስለታሰረም ማቃናት አይቻልም። ይባስ ብሎ ጥርሶቹ ሆን ተብለው አጠር ብለውና ተሸርፈው የተሠሩ ናቸው፤ ካቴናው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ እንዲዘል ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ጨርሶ እንዳይዘል ነው። ካቴና ቁልቁለት ላይ ወጥቶ የኋላ ጎማ ውስጥ ከተጠመጠመ ጎማው ይቆለፋል።

እንደ ፊኒክስ ባሉ ከባድ የቻይና ብስክሌቶች ላይ ያለው በሽብልቅ የሚታሰር የብረት ክራንክ ያለ አግባብ ይናቃል። ክብደቱ እውነት ነው፤ ግን ቀድሞውኑ ባለ አንድ ጥርስ፣ ለወፍራም ካቴና የተሠራና የማይሰበር ነው። ድክመቱ ሽብልቁ ነው፦ ወደፊትና ወደኋላ የሚገለባበጠው ጭነት ቀስ በቀስ ያላላዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳዶውን በማጥበቅ ሽብልቁን ሊስብ ሲሞክር ነው። ዳዶው ሽብልቁ እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ አያስገባውም፤ በኃይል ሲጠብቅ ፊሌቶው ይላጣል። ትክክለኛው መንገድ ከክንዱ ሥር የብረት ቧንቧ ወለል ላይ አቁሞ፣ ምቱን ኩሽኔታው ሳይሆን ቧንቧው እንዲቀበል አድርጎ ሽብልቁን በመዶሻ ማስገባት፣ ከዚያ ዳዶውን ማጥበቅ፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላም መድገም ነው። ሲገዛ ውፍረቱ ይለካ፤ የተለመደው 9.5 ሚሊ ቢሆንም 9 ሚሊም አለ፣ ቀጭኑ በወፍራሙ ቀዳዳ ፈጽሞ አይይዝም። ፍሬሙ ከዚህ ክራንክ ጋር ከመጣ ገንዘብ እስኪጠራቀም ድረስ ያገለግላል፤ አዲስ ገዝቶ ማስገባት ግን ትርፍ የለውም።

ለፊክስድ ጊር ተብሎ የተሠራ አዲስ ክራንክ፣ እንደ ሱጊኖ አርዲ 2 ያለው፣ ከውጭ የሚያመጣ ሰው ከተገኘ ጥሩ ነው። 165 ሚሊ ርዝመት ያለው ይምጣላችሁ። መታጠፊያ ላይ ፔዳል ማቆም ስለማይቻል አጭር ክንድ አስፋልትና የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ የመንካት ዕድሉ ያነሰ ነው። በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ላይ ከጠርዙ ተጠግቶ ለሚነዳ ሰው ከተለመደው 170 የሚቀነሰው ይህ 5 ሚሊ ዋጋ አለው።

ክራንክ ከመግዛት በፊት ፍሬሙ ይለካ። የፔርኖው ቤት ስፋት 68 ሚሊ ከሆነ በአብዛኛው የእንግሊዝ ፊሌቶ ነው፤ የቀኙ ኩባያ በግራ ዞሮ ይጠብቃል። 70 ከሆነ ጣሊያን ሠራሽ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ፣ ካርትሬጁም (ፔርኖና ኩሽኔታ አብረው የታሸጉበት) ሌላ ነው። ይህን ሳያጣሩ ቁልፍ የገፉ ሰዎች ፍሬም አበላሽተዋል።

ከዚያ የካቴናው መስመር ይለካ፤ የፊትና የኋላ ጥርሶች ከፍሬሙ መሃል በተቻለ መጠን እኩል ይራቁ። የኋላው ጥርስ ከፍሬሙ መሃል ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ የሞዞውን (የኋላ ጎማው እምብርት) ጠቅላላ ስፋት ለሁለት ከፍላችሁ፣ የኋላ ጎማው ዘንግ ከሚታሰርበት የፍሬሙ ጆሮ ውስጠኛ ገጽ እስከ ጥርሱ መሃል ያለውን ቀንሱ። ስፋቱ 120፣ ርቀቱ 18 ቢሆን፣ 60 ሲቀነስ 18፣ 42 ሚሊ። ከፊት ደግሞ ከኮርቻው ቱቦ ገጽ እስከ የፊት ጥርሱ መሃል ያለውን ለክታችሁ የቱቦውን ውፍረት ግማሽ ደምሩ፤ ቱቦው 28.6 ከሆነ 14.3 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቢበዛ በ2 ሚሊ ይለያዩ። በኮርስ ክራንክ ላይ ጥርሱን ከአምስቱ ጣቶች ውስጠኛ ወገን ማሰር ብዙውን ጊዜ ወደ 42 ያቀርበዋል። ካልቀረበ ፔርኖው ይቀየራል፦ ከ113 ወደ 107 ሲወርድ በእያንዳንዱ ጎን 3 ሚሊ ይገባል። ጥርሱ ፍሬሙን እንዳይነካ ግን ተመልከቱ። የጥርስ ብሎኖቹ ለሁለት ጥርስ የተሠሩ ስለሆኑ ረጅም ናቸው፤ አጭር ካልተገኘ ቀጭን ሮንዴላ ይሞላል።

ሲገጠም ደረቅና ንጹሕ የሆነ አራት ማዕዘን ላይ ክራንኩን አስገብታችሁ ብሎኑን በ14 ቁጥር ቁልፍ ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ካቴናው ከመሃሉ ሲነካ ወደላይና ወደታች አንድ ሴንቲ ያህል ይንቀሳቀስ። ክራንኩን ስታዞሩ አንድ ቦታ ላይ ከጠበቀ ጥርሱ ከመሃል ፈቀቅ ብሏል። አምስቱን ብሎኖች በትንሹ አላሉ፣ ካቴናው የጠበቀበት ቦታ ላይ አቁሙና በቁልፍ እጀታ ካቴናውን ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ጥርሱ በቀዳዳዎቹ ክፍተት ልክ ይሸሻል። አጥብቁ፣ አዙሩ፣ ድገሙ። በሪቬት የታሰረ ጥርስ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ለዚህ ነው የማንመርጠው።

ምጥነቱን በተመለከተ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ የሚወጣ ሰው 46 በ16 (የፊት ጥርስ 46፣ የኋላ 16) ቢገዛ ይጸጸታል። 44 በ18 እንላለን፣ ወይም 42 በ17። በ44 በ18 አንድ የፔዳል ዙር 5.1 ሜትር ያህል ያስኬዳል። ያንኑ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወርዱ ግን እግር በደቂቃ 130 ጊዜ ይዞራል፤ የፊት ፍሬን ሳይኖር መውረድ አይገባም። የኋላውን ፍሪዊል (ፔዳል ሲቆም ጎማው እንዲዞር የሚያደርገውን ጥርስ) አስበይዶ መጠቀምም ያው አደጋ ነው፦ ወደ ኋላ ሲገታ የተበየደው ጥርስ ከሞዞው ላይ ይፈታል።

የክራንኩን ብሎኖች ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ፈትሿቸው፤ ከግራው ጀምሩ።