ሳይቆጡ ለጠየቁኝ አዋላጅ

ልጄ ባለፈው እሑድ ክርስትና ተነሳች። ሰማንያ ቀን ሙሉ ይህን ምስጋና ልጽፍ ስል እንቅልፍ እየጣለኝ ቀረ፤ ዛሬ ግን ሳልጽፍ አልተኛም። እዚህ ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጀመሪያ የምከታተለው ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን አላነሳም። ሁለት ሰዓት አስጠብቀው አምስት ደቂቃ ያዩኛል፤ ያውም ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲሉኝ «የለም» አልኩ። ጤና አዳምን እንደ መድኃኒት ቆጥሬው አላውቅም! ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ እየገዛሁ ቡናዬ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ሲያቅለሸልሸኝም አፍልቼ እጠጣዋለሁ። የኦሃካ ተወላጅ የሆነችው ሜክሲኳዊት ጎረቤቴም እዚያው ትከታተል ነበር። እርሷ የዋህ ናት፤ እናቷ ስለምትልክላት ቅጠላ ቅጠል ሁሉንም ነገረቻቸው። እንደ ሕፃን ልጅ ተቆጧት፣ ሳቁባትም። እያለቀሰች ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም አፋችንን ዘጋን፤ መጠጣታችንን ግን አላቆምንም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰውን አዋርደው ሲያበቁ እንዴት እውነቱን ይነግረናል ብለው ይጠብቃሉ?

ወደ እኚህ አዋላጅ የወሰደችኝ ያቺው ጎረቤቴ ናት። እርሳቸውም ትውልዳቸው ከሜክሲኮ ነው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ስለ መድኃኒት አልጠየቁኝም። «በአገራችሁ እርጉዝ ሴት ምን ትጠጣለች? አንቺስ ቤትሽ ምን አለ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያለኝን ሁሉ ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ።

ጤና አዳሙን ከከረጢት ሳወጣ አንዷን ቅጠል በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ሩዳ!» አሉ፤ በእነርሱ ቋንቋ ጤና አዳም ማለት ነው። በአያታቸው ደጅ ይበቅል እንደነበር፣ ሕፃን ዓይን የበላው እንደሆነ በእርሱ ይዳብሱት እንደነበር አጫወቱኝ። እኛም ለቡዳ እንደምንይዘው ስነግራቸው እጄን ያዙኝ። ቁም ነገሩን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅጠል ማህፀንን ያኮማትራል፣ ጽንስ ሊያስወርድም ይችላል፤ እስክትወልጂ ድረስ አትንኪው አሉኝ። እንዴት እንደሚሠራም በዝርዝር አስረድተውኝ ነበር፣ ግማሹ አልገባኝም። ቅጠሉንም እኔንም ሳይንቁ መከልከላቸው ግን ገባኝ። ዝንጅብሉን በልኩ ከሆነ ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው ብለው መለሱልኝ። ጎረቤቴ ለሆድ ሕመም ያስቀመጠችውን አሳርኮን የሚባል ብርቱካንማ ዱቄት ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ። እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት አለበት፤ ወደ ጽንሱም ያልፋል። ሳይጮሁ አስረዷት፤ ደሟንም በዚያው ቀን አስመረመሯት።

ማታ ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ ደወልኩ። «ለእርጉዝ ጤና አዳም ማን ይሰጣል? ምነው ሳትጠይቂኝ!» አለችኝ። አላስጨንቃትም ብዬ ማርገዜን እንኳን የነገርኳት ዘግይቼ ነበር። በሰው አገር ብቻዬን ስፈራ የከረምኩትን ሁሉ ያን ሌሊት አለቀስኩት።

ስማቸውን በአደባባይ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። እባካችሁ ሂዱ! ቤታችሁ ያለውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዳማከሴም ቢሆን፣ ተልባም ቢሆን፣ ከአገር ቤት የተላከ ስሙን የማታውቁት ዱቄትም ቢሆን። አይቆጧችሁም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤቴ በሚቀጥለው ወር በእርሳቸው እጅ ትወልዳለች፤ ገንፎውን የማገነፋው እኔ ነኝ፣ ለእርሳቸውም ድርሻቸውን አስቀምጣለሁ።