ሃይፋኔትን ከወዳጆች ጋር ብቻ መጠቀም፦ ስንት ሰው ይበቃል?

ሃይፋኔት እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ፍሪኔት ይባል የነበረ፣ ኢያን ክላርክ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ባፈለቀው ሐሳብ ላይ የተገነባ ማንነትን የሚሰውር ኔትወርክ ነው። ፋይሎች በአንድ ሰርቨር ላይ አይቀመጡም፤ ተቆራርጠውና ተመስጥረው በተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ይበተናሉ። በ2008 ከወጣው 0.7 እትም ወዲህ ደግሞ ተጠቃሚው ከፈለገ ከማያውቀው ሰው ጋር ጨርሶ ሳይገናኝ፣ በሚያምናቸው ሰዎች ኮምፒውተሮች በኩል ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል። እኔም ላለፉት ስድስት ወራት የሞከርኩት ይህንኑ አሠራር ነው።

አጫጫኑ አያስቸግርም። ጃቫ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በብሮውዘር የሚታይ ገጽ ላይ ይሠራል። የሚያደክመው ወዳጅ ማስገባቱ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኮምፒውተር የሚገልጽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለሌላው ይልካል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ካላስገቡ መስመሩ አይከፈትም፤ ከወዳጆቼ አንዱ ጽሑፉን ሲገለብጥ የመጨረሻውን መስመር በመዝለሉ ሁለት ምሽት ሙሉ በስልክ ስንነታረክ ቆይተናል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ወዳጅ የምንሰጠውን የእምነት ደረጃ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብለን እንድንመርጥም ይጠይቃል።

የጀመርኩት በሦስት ሰዎች ነበር፤ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ እንደ እኔው ሜሪላንድ የሚኖሩ ናቸው። አዲስ አበባ መብራት የጠፋ ዕለት ሁለቱ ወዲያው ከዝርዝሩ ይወጡና የሚቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ገጾች መንቀርፈፋቸው የሚጠበቅ ነው፤ ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። የዚህ ኔትወርክ ጥበቃ የተመሠረተው ከእኔ የሚወጣው የፋይል ጥያቄ የራሴ ይሁን ወይም የሌላ ሰውን እያስተላለፍኩ ይሁን ጎረቤቴ (በቀጥታ የተገናኘሁት ሰው) በእርግጠኝነት ሊለይ ባለመቻሉ ላይ ነው። ጥያቄው ምን ያህል እንደሚጓዝ የሚወስነው ከ18 ጀምሮ በየኮምፒውተሩ የሚቀንሰው ቆጣሪ እንኳ መነሻው ላይ አልፎ አልፎ ሆን ተብሎ ሳይቀነስ የሚያልፈው ለዚሁ ነው። የተገናኘሁት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሲሆን ግን የማስተላልፍለት ሌላ ሰው ስለሌለኝ፣ ወደ እሱ የምልከው ሁሉ የእኔ መሆኑን ለማወቅ ምንም ሒሳብ አያስፈልገውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እዚህ ግን ገመናን የሚያየው ያው የቅርቡ ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ከአምስት እስከ አሥር ሰው ይኑራችሁ የሚለው የተለመደ ምክር ለፍጥነት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሰው በበዛ ቁጥር የእኔ ጥያቄዎች በብዙ መስመር ስለሚከፋፈሉ እያንዳንዱ ጎረቤት የሚያየው ድርሻ ያንሳል፤ በዚያው ልክ ግን የአይፒ አድራሻዬን (ኮምፒውተሬ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) የሚያውቁና ቢፈልጉ ጥያቄዎቼን መቁጠር የሚችሉ ሰዎች ይበዛሉ። እኔ ወደ ዘጠኝ ከፍ አድርጌ፣ በማናቸውም ሰዓት አምስት ወይም ስድስቱ መስመር ላይ ሲሆኑ ኔትወርኩ ደህና ሠርቶልኛል። መቆጠር ያለበት በዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ሁሉ ሳይሆን፣ ሌሊትም ቢሆን ኮምፒውተሩን የማያጠፋው ሰው ነው።

አሥር ለመሙላት ሲሉ ፈጽሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ጽሑፍ የሚለዋወጡ አሉ፤ ይህን አልመክርም። ዕቁብ እንኳ ያለ ዋስ አይገባም። እንዲህ ያለ ሰው ከማያውቁት ጋር በሚያገናኘው በተራው አሠራር ቢጠቀም ይሻለዋል፤ አደጋው ያው ሆኖ ሳለ ጎረቤቶቹ ቢያንስ በየጊዜው ይቀያየራሉ፣ በወዳጅነት የገባው እንግዳ ግን እስኪሰረዝ ድረስ አጠገቡ ይቆያል።

አስቀድሜ ያላሰብኩበት ነገርም ነበር። እኔና ዘጠኙ ወዳጆቼ ሁላችንም የምንተዋወቅ ስለሆንን፣ ከመካከላችን ማንም ወደ ውጭ ካልተገናኘ ከዋናው ኔትወርክ የተነጠልን ደሴት ነን፤ እርስ በርሳችን ፋይል እንለዋወጥ ይሆናል እንጂ ሌላው ዓለም ያስቀመጠውን አናገኝም። በመጨረሻ ሁለቱ ፈቅደው ከማያውቋቸው ጋር የሚያገናኘውንም አሠራር ከፈቱ፤ እኛ ስምንታችን ተሰውረን የቀረነው እነሱ ለእንግዶች በመታየታቸው ነው።

ፍጥነትን ለሚያስቀድም ሰው ይህ ፕሮግራም አይሆንም፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃዎች የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ለእኔ ጉዳይ፣ ማለትም ጽሑፎችን ማን እንዳስቀመጣቸው ሳይታወቅ ለማቆየት፣ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንዱ ወዳጄ መስመር ለሃያ ቀናት ያህል እንደተቋረጠ አይቼ ስደውልለት ላፕቶፑን ለልጁ እንደሰጠው ነገረኝ። ስሙን ሰርዤዋለሁ፤ አሁን በዝርዝሬ ላይ ያሉት ስምንት ናቸው፣ ዘጠነኛ ለመፈለግም አልቸኮልኩም።