ቡናው አንደኛ፣ መስተንግዶው ግን ይታሰብበት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ ቡና ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። ቡናው ወፍራም ነው፣ ከነጤና አዳሙ። ፉሉም አይታማም። ችግሩ መስተንግዶው ነው። ደንበኛ ከሆናችሁ ሳታዙ ይመጣላችኋል። አነጋገሩ ለየት ያለ እንግዳ ሲገባ ግን "መጀመሪያ ክፈል" ይባላል። ባለፈው አጠገቤ የተቀመጠ የቀን ሠራተኛ ሲኒው ሳይቀርብለት ሂሳብ ተጠየቀ፣ እኔ ጠጥቼ ጨርሼ ከሰው ጋር ወሬ ይዤ ስቀመጥ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። በጣም አናደደኝ።

ልጆቹ ክፉ ናቸው አልልም። ሰው "የኛ" ለሚለው ለማዳላት ብዙ ምክንያት አይፈልግም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት በእንግሊዝ የብሪስቶል ከተማ ተማሪዎችን "በሥዕል ምርጫችሁ ነው" ብሎ ለሁለት ከፈላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ድልድሉ በዕጣ ነበር። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ብዙዎቹ ማን እንደሆነ እንኳ ለማያውቁት ለራሳቸው ወገን አዳሉ፤ ወገናቸው የሚያገኘው ቢቀንስ እንኳ ከሌላው መብለጡን የመረጡም ነበሩ። በሥዕል እንዲህ ከሆነ በአነጋገርና በልብስማ!

ስለዚህ ለአስተናጋጆቹ "ጥሩ ሁኑ" ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ደንብ ይውጣ። ባለቤቱ ወይ ሁላችንንም አስቀድመው ያስከፍሉን ወይ ማንንም አይጠይቁ። ለቡናው አምስት ኮከብ፣ ለመስተንግዶው ሁለት።