ድንኳናችንንም ሠርጉንም ላተረፈችልን የአየር ትንበያ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲትን የድሬዳዋ ልጅ ለማመስገን ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ናት። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራም። ሥራዋን ሳልናገር ብቀር ግን ውስጤ አይረጋም።

እኔና ወንድሜ ድንኳንና የሠርግ ዕቃ እናከራያለን። ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ጀነሬተሩም አለ። ዋናው እንጀራችን ግን ድንኳኑ ነው። ፋሲካ አልፎ ሠርግ ሲጀመር እኛ ቤት እንቅልፍ የለም። ሚያዝያ ደግሞ የበልግ ወር ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከሰዓት ዶፍ ይወርዳል። ድሬ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

አምና የደረሰብንን ላስቀድም። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር የሚያሳየኝ። 10 ሰዓት ገደማ በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ እስኪደርስ ጊዜ አለን ብለን ወንበር መደርደራችንን ቀጠልን። ድንገት ንፋሱ መጣ። አንድ ጠብታ ዝናብ የለም፣ አቧራ ብቻ። ድንኳኑ እንደ ፊኛ ተነፋና ካስማውን ከነአፈሩ ነቅሎ ተነሣ። አንዱ የብረት ምሰሶ የወንድሜን ትከሻ መታው። ሦስት ሳምንት እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከረመ። የሙሽራዋ እናት ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሄድኩት። ለድንኳን ኪራይ ብዬ የመንግሥት ቢሮ ማንኳኳቴ አሳፍሮኝ ነበር። ይቺ ልጅ ወጥታ ወንበር ሰጠችኝ። ገና ሳልጨርስ ጠየቀችኝ፦ «የት ቦታ ነው የምትተክሉት? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት? ድንኳናችሁስ ምን ያህል ንፋስ ይችላል?» የመጨረሻውን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ስልኬ ለምን እንደተሳሳተም አስረዳችኝ። ዓለም አቀፉ ትንበያ መሬቱን በካሬ በካሬ ይከፋፍላል። የአንዱ ካሬ ጎን 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ ግን 2,000 ሜትር ነው። ያ ሁሉ ዳገት አንድ ሁለት ካሬ ውስጥ ይጨፈለቃል። ነጎድጓድ ይዞ የሚመጣው ደመና ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሰፋ ይችላል። የከዚራን ሰፈር አርሶ የሳቢያንን ሳይነካ ያልፋል።

«ጠዋት ፀሐዩ ሜዳውን ያግለዋል» አለችኝ። «የጋለው አየር ዳገቱን ይዞ ይወጣል። ከህንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል እርጥበት ካገኘ ደመና ሆኖ ተራራው ላይ ይቆለላል። እንደ አበባ ጎመን ሲሆን አትደንግጪ። አናቱ እንደ አንጥረኛ መስፍ ጠፍጠፍ ብሎ ሲዘረጋ ግን ሥራሽን አቁሚ።» የወንድሜን ትከሻ የሰበረውንም ንፋስ ነገረችኝ። ዝናቡ ያቀዘቀዘው አየር ይከብዳል፣ ይወድቃል፣ መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይፈስሳል። ከዝናቡ ቀድሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሜዳ ላይ ደግሞ የሚያቆመው የለም።

ዘንድሮ የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ገላጣ ሜዳ ላይ ትልቅ ሠርግ ያዝን። ወደ 300 ሰው የሚበላበት ነው። በዋዜማው ደወልኩላት። «ለማንኛውም ማምለጫ ቤት አዘጋጁ፣ ድንኳን ከመብረቅ አያድንም» አለችኝ። ከጎን ያለ የእህል መጋዘን ለምነን አስከፈትን።

በነጋታው ጠዋት መልእክቷ ደረሰኝ፦ «እስከ 8 ሰዓት ሰላም ነው። ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነጎድጓድ የመምጣት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። 7 ሰዓት ላይ ደግሜ አያለሁ።» ምሳውን አንድ ሰዓት አስቀደምን። 7 ሰዓት ላይ እንዳለችው ጻፈች፦ ደንገጎ ላይ መቆለል ጀምሯል። ለ9 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ራሷ ደወለች። የሳተላይቱን ምስል እያየች ነው። «አናቱ ተዘርግቷል፣ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ሰዉን አሁን አውጪ። ሸራውን አውርዱት።»

የሙሽራው አጎት ተቆጡ። «አቦ ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው! ሠርጉን አታበላሹብን!» እውነታቸውን ነው፣ ከአናታችን ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። የሙሽራዋ እናት ግን «ልጅቷ ያለችው ይሁን» ብለው ራሳቸው ድስት አንሥተው ቀደሙ። ሰው ሁሉ ተከተላቸው።

የመጨረሻውን ገመድ ስንፈታ የቀኑ ሙቀት ድንገት ጸጥ አለ። አንገቴ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር ነካኝ፣ የረጠበ አፈር ሽታ አለው። ሳይነሣ የቀረ የአንድ ጠረጴዛ ጨርቅ ጫፉ ቀና አለ። ከዚያ ቡናማ ግድግዳ መጣ። ያልገቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ሜዳው ላይ እየተንከባለሉ ሄዱ። መጋዘኑ ውስጥ ሆነን ከብልጭታው እስከ ድምፁ ከልጆቹ ጋር ቆጠርን። 9 ሰከንድ። ድምፅ በ3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ 5 ሆነ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ሽምብራ የሚያክል በረዶ ወረደና መቁጠሩ ቀረ። ነጎድጓዱ ከቆመ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማንም እንዳይወጣ ብላን ነበር፣ ጠበቅን። ጭፈራው እዚያው መጋዘን ውስጥ ቀጠለ። አንድም ሰው አልተጎዳም። ሸራችንም ደህና ነው።

ማታ ደግሞ ሌላ ነገር አተረፈችን። ዕቃ ማስቀመጫችን መጋላ በኩል ነው። ሹፌራችን የደቻቱን ወንዝ በደረቁ አሸዋ ማቋረጥ ይወዳል። እሷ ቀድማ «ከተማው ባይዘንብም በድልድዩ ዙሩ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። ከዚራ ስንደርስ መንገዱ ደረቅ ነው። ድልድዩ ላይ ሆነን ወደታች ስናይ ግን ቀይ ውኃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ሁላችንም ዝም አልን። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ ብዙ ሰው በእንቅልፉ ነው የተወሰደው። ድሬ ውስጥ ያንን ሌሊት የማያስታውስ ቤት የለም።

ሁልጊዜ ልክ ናት አልልም። አንድ ቀን ይመጣል ብላ ሸራ አስወርዳን ሳይዘንብ ቀረ። በማግስቱ ሳልጠይቃት ደውላ ደመናው ወደ ሽኒሌ ሜዳ እንደዞረ፣ ለምን እንደዞረም ነገረችኝ። እኔ ይበልጥ ያመንኳት ያን ቀን ነው። በመቶ ስንት እንደምታምን ትነግርሻለች፣ ከተለወጠ መልሳ ትደውላለች።

ስለዚህ ድንኳን የምትተክሉ፣ በርበሬ የምታሰጡ፣ ከብት ወደ ሜዳ የምታወጡ፣ ሲሚንቶ የምታራግፉ ሁሉ፣ ከተማችን ካለው የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሂዱ። ዕለታዊ፣ የ10 ቀን፣ ወርሃዊና የወቅት ትንበያ ያወጣሉ። ክፍያ ልስጥሽ ብላት «ደመወዜ እኮ ለዚህ ነው» አለችኝ። «ይዘንባል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ቦታውን፣ ሰዓቱንና ምን ልትሠሩ እንደሆነ ንገሯቸው። መልሱ ያኔ ሌላ ነው።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ የሙሽራዋ እናት ጠላ ጠምቀው እየጠበቁሽ ነው። ወንድሜም ሰላም ብሎሻል። እሑድ ሳቢያን ሌላ ሠርግ አለን፣ ቅዳሜ ማታ እደውልልሻለሁ።