ብረት ጠቋሚዬን ላዳነችልኝ የቅዳሜ ገበያዋ ባለሙያ ምስጋና ይድረሳት

ጎንደር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ በመብራት ወይም በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ተበላሽቶባችሁ ከሱቅ ሱቅ የምትንከራተቱ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሰው ማመስገን ስፈልግ ቃል ያጥረኛል፤ ስናደድ ግን ቃል ሞልቶ ይተርፈኛል። ስለዚህ ንዴቴ ምስጋናዬን የቀደመው መስሎ ቢታያችሁ አትፍረዱብኝ።

እንጀራዬ ቧንቧ ነው። ከአራዳ እስከ አዘዞ ብዙ ግቢ ቆፍሬያለሁ። ከተማችን ውኃ በተራ የሚመጣባት ከተማ ናት፤ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካኑን ደርድሮ የጠበቀው ውኃ ከቆጣሪው አልፎ መሬት ውስጥ ሲቀር ማየት ያማል። ችግሩ ደግሞ የድሮ ቤቶች ቧንቧ በየት በኩል እንዳለፈ የሚያሳይ ወረቀት የለም። በተለይ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ቤቶች ባለቤታቸው ሲለዋወጥ፣ አጥራቸው ሲፈርስና ሲሠራ፣ ግቢያቸው ሲሚንቶ ሲለበስ ኖረዋል። መስመሩን የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸው ካለፉ ደግሞ ያለው አማራጭ በግምት መቆፈር ነው።

ለዚህ ነው ብረት ጠቋሚ ማሽን የገዛሁት። መንገድ ሠርቶ ሲወጣ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ ድርጅት፣ ያገለገለ ነው። ረጅም ዘንግ አለው፤ ጫፉ ላይ ክብ ሳህን፣ መያዣው አጠገብ ትንሽ ሳጥን፣ ከሳህኑ ወደ ሳጥኑ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ገመድ። ሳህኑን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጌ ሳንሸራሽረው ከሥር የብረት ቧንቧ ወይም አፈር የዋጠው የቫልቭ ክዳን ካለ ይጮኻል። ለፕላስቲክ ቧንቧ አይረዳም። ለድሮው ብረት ግን ግቢ ሙሉ ከመገልበጥ ያድናል። የገዛሁት በዕቁብ ብር ነው፤ ዕቁቡ የተጣለው ደግሞ የማድ ቤታችንን ቆርቆሮ ለመቀየር ነበር። ባለቤቴ ማሽኑን «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ነው የምትለው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈሰውን ጣሪያ እያየች ምን እንደምትለኝ አልጽፍም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ይህን ማሽን ይዤ ስሄድ ያየ ሁሉ የነገሥታት ወርቅ ፍለጋ ይመስለዋል። አንዳንዱ ጠጋ ብሎ «እገሌ ገደል አጠገብ የተቀበረ አለ፣ እኩል እንካፈላለን» ይለኛል። ጎንደር የፋሲል ከተማ ናት፤ ግንቡም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ባይከለከልም አላደርገውም። እኔ የምፈልገው የዛገ ቧንቧ ነው፤ እባካችሁ አትጎትቱኝ።

እንግዲህ ማሽኑ የተበላሸው ከጥምቀት በፊት ባለው የሩጫ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እንግዳ ከየአገሩ ይጎርፋል፣ ፔንሲዮን ሁሉ ይሞላል፣ ባለቤቶቹም የሚያፈሰውን ቧንቧ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስታውሳሉ። እኔም የዓመቱን ግማሽ እንጀራ የማገኘው በዚያ ወቅት ነው። ማሽኑ ግን ማንም ሳይነካው እንደሚያለቅስ ሕፃን ሆነ። ብረት በሌለበት ይጮኻል፤ ብረት ባለበት ዝም ይላል። ሳንቀሳቅሰው ይጮኻል፣ ሳቆመው ይተዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ያለ ምክንያት ይጀምራል። በእርሱ ጩኸት ተመርቼ የሰው ሲሚንቶ ልሰብር አልችልም።

የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። እነርሱ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ማሽኑን ገና በእጁ ሳይዝ «መሬቱ ነው» አለኝ። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ብረትነት ስላለው ማሽን ያታልላል አለኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ጥቁር ድንጋይ በበዛበት ግቢ ማሽኑ እንደሚያጉረመርም እኔም አውቃለሁ፤ ለዚያም ከመሬቱ ጋር የሚስማማበት ማስተካከያ አለው። ግን መሬቱ ትናንት የመጣ ነው እንዴ? በዚሁ መሬት ላይ ስሠራበት የኖርኩት ማሽን አይደለም? ይህን ስጠይቀው ስልኩን አነሣና ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ጀመረ።

ሌላው ሳጥኑን ከፈተው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእርሱ ነበር። ካቻቢቴውን ይዞ ያገኘውን ብሎን ሁሉ ፈታ፣ በብሩሽ ጠረገ፣ ነፋበት፣ ዘጋው። ሲዘጋ አንድ ብሎን ጠረጴዛው ላይ ቀርታ አየሁ። «ትርፍ ናት» አለኝ። ትርፍ! ፋብሪካው ለበረከት የጨመራት መሰለው? ለዚህም 2000 ብር ተቀበለኝ፤ ማሽኑም እየጮኸ አብሮኝ ወጣ።

ከሁሉ የመረረኝ ግን የመጨረሻው ነው። ሳህኑን አገላብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ይህ ሞቷል። ሳህኑ ከውጭ አገር ካልመጣ አይሆንም፤ ዋጋው ከማሽኑ ይበልጣል» አለኝ። ዕቃዬን አንሥቼ ልወጣ ስል ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ለመለዋወጫ ያህል እኔ ልግዛህ?» አለኝ። የሞተ ከሆነ ለምን ትገዛዋለህ ወንድሜ? ይህን እዚያው ልለው ይገባኝ ነበር፤ ንዴቱ ምላሴን ስላሰረው እነሆ አሁን አልኩት። ያን ቀን ቤት ስገባ ባለቤቴ ስለ ጣሪያው አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከተናገረች ይሻል ነበር።

ወደ ልጅቷ የላኩኝ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ቤታቸው የቧንቧ ሥራ ስሠራ ሲያዩኝ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የኤሌክትሪክ ምጣዴን ሁሉም ጣይው ያሉኝን ያቺ ልጅ ናት ያዳነችልኝ። ቅዳሜ ገበያ ሂድ፣ ሞተር የምትጠቀልለዋን ልጅ በል» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስፋ አድርጌ አልሄድኩም።

ሱቋ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት። ወለሉ ላይ የውኃ መግፊያ ሞተሮች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ የመዳብ ሽቦ በየውፍረቱ ተሰቅሏል። ልጅቷ በቅርቡ ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣች ትመስላለች፤ ጣቶቿ ግን የቆየ ባለሙያ ጣቶች ናቸው። ማሽኑን ስታይ ወዲያው አልነካችውም። «ይቅርታ ጋሼ፣ ለምን ሥራ ነው የሚጠቀሙበት?» አለችኝ። ለቧንቧ ነው አልኳት። «ቤተ ክርስቲያንና ግንብ አካባቢ ለሚቆፍሩ ሰዎች አልሠራም፤ አይቀየሙኝ» አለች። የመሣሪያ ከረጢቴን ከፍቼ የቧንቧ መፍቻዬን ሳሳያት ሳቀች። እኔ እዚያው ወደድኳት። ገንዘብ ይዞ የመጣውን ሰው ለምን እንደመጣ የሚጠይቅ ስንት ሰው ቀርቷል?

ከዚያ ያደረገችውን ደግሞ ስሙ። ማሽኑን አልፈታችም። «እዚህ መብራቱና ሞተሩ ስለሚረብሸው እውነቱን አይነግረንም» ብላ ሱቋን ቆለፈችና ሽቦ ወደማያልፍበት ባዶ ሜዳ ይዛኝ ሄደች። ስልኬን ራቅ አድርጌ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ። ከሳህኑ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን አውልቃ ውስጡ የተጠራቀመውን አፈር አራገፈች፤ መልሳ ሞከረች፤ አሁንም ይጮኻል። ቀጥሎ ሳህኑን ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ እንድይዝ አዘዘችኝ። ይጮኻል! «አዩ ጋሼ፣ አየር ላይ አፈር የለም። መሬቱን አንወቅሰውም» አለችኝ። ያ ሰውዬ በዚያች ሰዓት አጠገባችን ቢኖር ምን ነበረበት!

ከዚያ ማንም ያላደረገውን አደረገች። እኔ ዘንጉን ሳላነቃንቅ እንድይዝ አድርጋ፣ ገመዱን ከሳህኑ ጀምራ በሁለት ጣቷ ትንሽ ትንሽ እያጠፈች ወደ ላይ ወጣች። ዝም። ትንሽ ከፍ አለች፤ ዝም። ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ስፒና ጋ ልትደርስ አንድ ስንዝር ሲቀራት ማሽኑ ጮኸ። ለቀቀችው፣ ዝም አለ። መልሳ አጠፈችው፣ ጮኸ። ቀና ብላ አየችኝና «ሳህንዎ አልሞተም» አለችኝ። ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም፤ በአደባባይ ላይ ያለሁ ሽማግሌ ባልሆን ኖሮ እልል እል ነበር።

ሱቋ ተመልሰን በቴስተር ለካችው። ገመዱ ቀጥ ሲል ቁጥር ያሳያል፣ ያቺን ቦታ ስታጥፈው ቁጥሩ ይጠፋል። ከላዩ ደህና የሚመስለው ገመድ ውስጡ ተበጥሶ ኖሯል። እኔ ታዲያ «ለማንኛውም ሳህኑንም ከፍተሽ እዪልኝ» ብላት እምቢ አለች። «ውስጡ የሽቦ ጥቅልሎች አሉ ጋሼ፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይሰማል። አቀማመጣቸው በፋብሪካ ተለክቶ በሙጫ ታሽጓል። እኔ ከከፈትኩት ሚዛኑን ላዛባው እችላለሁ። ያልታመመ አይከፈትም» አለችኝ። የሚልከውና የሚሰማው እንዴት እንደሚሠራ ደግማ አስረድታኝ ነበር፤ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ እንጂ ከግማሽ በላይ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ስንቱ የማያውቀውን ለመክፈት ሲሽቀዳደም እርሷ የምታውቀውን ላለመክፈት መቆጠቧ ነው።

የተጎዳውን ክፍል ከመቁረጧ በፊት የትኛው ቀለም ሽቦ የት እንደሚገባ ወረቀት ላይ ሥላ አስቀመጠች። ቆርጣ፣ ስፒናውን ፈትታ፣ እያንዳንዷን ቀጭን ሽቦ በእርሳስ በይዳ መለሰች። ያቺ «ትርፍ» የተባለች ብሎን የነበረችበትን ቀዳዳም አይታ ከሳጥኗ የምትመስላትን ፈልጋ ገጠመችልኝ፤ እኔ አልጠየቅኳትም። ገመዱንም ዘንጉ ላይ አጥብቃ ጠመጠመችው፤ የሚወዛወዝ ገመድ በራሱ የውሸት ድምፅ ይሰጣል አለችኝ፤ ስፒናው አጠገብ ግን እንዳይወጠር ጥቂት አላላችው።

ዋጋው 500 ብር። ጨምሬ ልሰጣት ስል መለሰችልኝ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ እንኳን አመሰግናት ነበር። ግን በማግስቱ ደወለች። «ጋሼ፣ ሥራ ላይ ሞከሩት?» አለችኝ። በዕድሜዬ ስንት ዕቃ አሠርቻለሁ፤ ሠራልህ ወይ ብሎ የደወለልኝ ሰው አላስታውስም። የተለመደው እኔ ስደውል ስልኩ መዘጋቱ ነው። በዚያን ሰዓት አንድ ፔንሲዮን ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ማሽኑ ጥርት ባለ ድምፅ መስመሩን ከአጥሩ እስከ ማጠቢያው ድረስ ነግሮኝ፣ ቆፍሬ ቧንቧው ላይ ደርሻለሁ። ያፈሰሰውም እዚያው አጠገብ፣ ዝገት በበላው መጋጠሚያ ላይ ነበር። ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠግቼ ድምፁን አሰማኋት። የፔንሲዮኑ ባለቤት ያበድኩ መስሏቸው ያዩኝ ነበር።

እናም ወገኖቼ፣ የውኃ መግፊያ ሞተር፣ ምጣድ፣ ማረጋጊያ፣ ሬዲዮ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ጣሉት ከተባላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ወደዚህች ልጅ ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት። የማትችለውን አልችልም ትላችኋለች፤ እኔ ባለሁበት አንድ ሰው ያመጣውን ቴሌቪዥን «ይህ ወጪዎን አይመልስም» ብላ ያለ አንዳች ክፍያ ስትመልሰው አይቻለሁ። ሴት ናት ብላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ ደግሞ የእኔን ቧንቧ መፍቻ እስክታነሡ ድረስ አላናግራችሁም።

ባለቤቴ ታሪኩን ከሰማች በኋላ የማድ ቤቱን ፍሎረሰንት አስጠግና መጥታለች። አሁን «የእኔዋ ባለሙያ» የምትለው እርሷ ናት፤ እኔ ጠቋሚ ብቻ ሆኜ ቀርቻለሁ። በጥምቀት ሰሞን ከሠራሁት ላይም የቆርቆሮው ብር ወጥቷል፤ ይህንም እዚህ የጻፍኩት እንድጽፈው ስለታዘዝኩ ነው።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ አላወጣም። ቅዳሜ ገበያ ገብታችሁ ሞተር የምትጠቀልለዋን ልጅ ካላችሁ ሕፃን እንኳን ያሳያችኋል። ዕቃውን ስትወስዱ ከነገመዱና ከነስፒናው፣ ሙሉውን ውሰዱ፤ የተበላሸ የመሰላችሁን ክፍል ብቻ ነቅላችሁ ከሄዳችሁ መልሳ ትልካችኋለች። መብራት ከሌለ ሱቁ ተዘግቶ ታገኙ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አጠገቧ ቡና የምታፈላዋን ሴት ጠይቁ፣ መቼ እንደምትመለስ እርሷ ታውቃለች።