አመስግኑልኝ፤ የጣናውን ባለጀልባ

ባሕር ዳር ወርዳችሁ ጣና ላይ ጉማሬ ለማየት የምታስቡ፣ በተለይ ባልና ሚስት ሆናችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ፤ ካላመሰገንኳቸው ህሊናዬ አያርፍም።

እኔና ባለቤቴ ጥር ላይ ነው የተጋባነው። ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ከዚያ የዘመድ ጥየቃ፤ ሁሉም አልቆ ቀና ስንል የመሥሪያ ቤት ፈቃዳችንም አልቋል። ጫጉላውን «ለሌላ ጊዜ» አልነው፤ ሌላው ጊዜ ሳይመጣ ልጆቹ መጡ። ባለቤቴ ግን «አንድ ቀን ሳፋሪ እወስድሻለሁ» ማለቱን ትቶ አያውቅም። የኬንያውን የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ፣ ማሳይ ማራን፣ በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ከሐምሌ ጀምሮ ከታንዛንያው ሴሬንጌቲ የሚመጣው ዊልደቢስት የሚባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ መንጋ የማራን ወንዝ ሲሻገር፣ አዞው ከታች ሲጠብቅ፣ እራት ላይ ተቀምጦ ለልጆቹ ሲተርክ እኔ ወጡ ይበርድብኛል።

ዘንድሮ እንደምንም ቆጥበን ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቀብድ ከፈልን። ስም አልጠራም። ገንዘቡን እስኪቀበሉ ድረስ «የኔ እመቤት» ሲሉኝ የነበሩ ሰዎች ከተቀበሉ በኋላ ስልክ ማንሳት አቃታቸው። ዛሬ ዶላር ጨመረ፣ ነገ ሎጁ ሞላ፣ ከነገ ወዲያ ኃላፊው ስብሰባ ነው። በመጨረሻ ይቅርብን ስንል ከቀብዱ ገሚሱን መለሱና ገሚሱን «የአስተዳደር ወጪ» ብለው አስቀሩት። ምኑን እንዳስተዳደሩ እስካሁን አልገባኝም። ብቻ ባለቤቴ ስለ ማሳይ ማራ ማውራት አቆመ፤ ያ ነው ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ።

«ጉማሬ ከሆነ እኮ አባይና ጣና አሉልን» አልኩትና ልጆቹን ለእናቴ ትተን ባሕር ዳር ወረድን። መጀመሪያ ያሳፈረን ሰውዬ ግን ጉድ ሠራን። የተነጋገርነው አባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ሄደን ጉማሬ ልናይና ከዚያ ወደ ዘጌ ልንሻገር ነበር። ሰውዬው ነዳጁን ሊቆጥብ ነው መሰል ሳይነግረን ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ዞረ። ክብራን ሴት እንደማይገባ አገር ያውቃል! ባሌን አስገብቶ እኔን ጀልባ ላይ አስቀመጠኝ። ጫጉላዬ ይኸው። ጉማሬ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ፎቶ አንሱ እያለ ሞተሩን እያስጮኸ ቀጥታ ሄደበት። ጉማሬው ሰጠመ፣ ጀልባው ተናወጠ፣ ባለቤቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰውዬው ሳቀ። መሃል ሐይቅ ላይ ቆሞም ጭማሪ ጠየቀን። መሃል ሐይቅ ላይ የተጠየቀ ሰው ምን ይላል?

ባለቤቴ ጮቄ ተራራ ሥር ያደገ የደጋ ሰው ነው። ገደል አያስፈራውም፣ ውርጭ አይበግረውም፤ ውኃ ግን አይሆንለትም፣ ዋናም አይችልም። ማታ «ነገ አንቺ ሂጂ፣ እኔ ከተማ ውስጥ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። በልቤ አለቀስኩ።

ያረፍንበት ቤት ዘበኛ ነው እኒህን ሰው የጠቆመን። እሱንም እግዜር ይስጠው። ማታውኑ ስንደውልላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ጠዋት 12 ሰዓት ካልሆነ አልወስዳችሁም፤ ከረፋዱ በኋላ ነፋስ ይነሣል» ነበር። ዋጋቸውን ተናገሩ፤ እስከ መጨረሻው ያችኑ ነው የተቀበሉት። ጠዋት ወደቡ ላይ ስንደርስ ላይፍ ጃኬቱን በገዛ እጃቸው አጠለቁልን፣ ማሰሪያውን ጎተት አድርገው ሞከሩት፣ ከዚያ የራሳቸውን ለበሱ። «እርስዎም ይለብሳሉ እንዴ?» ብላቸው «ልጄ፣ ጣና ዘመድ አያውቅም» አሉኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ጀልባው ውስጥ እንደገባ ጠርዙን ጨምድዶ ያዘ። እሳቸው እጁን አዩት፤ አየሁ ሲያዩት። «አትፍራ» አላሉም። እኔ ፊት አላሳፈሩትም። «ጎበዝ» አሉት፣ «የኔ ዓይን ደክሟል። ከፊት ተቀመጥና ውኃው ላይ አረፋ ስታይ እጅህን አንሣልኝ፤ ያላንተ አልችልም።» ባሌ ሄዶ ከፊት ተቀመጠ! ጠርዙን የያዘው እጅ ተለቀቀ፣ አንገቱ ተሰገገ፣ ውኃውን መፍራቱን ትቶ ውኃውን መጠበቅ ጀመረ። የሳቸው ዓይን እንዳልደከመ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከሩቅ የደንገሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ራሰ ነጭ ዓሣ በል ንስር ከሁላችንም ቀድመው ያሳዩን እሳቸው ነበሩ።

አባይ ከሚወጣበት አካባቢ ስንደርስ ባሌ እጁን አነሣ። እሳቸው ሞተሩን ምን እንዳደረጉት አላውቅም፣ ብቻ ፀጥ አለ፤ መቅዘፊያ አነሱ። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ፣ እርግፍ እርግፍ ብሎ ውኃውን አራገፈ። ቀጥሎ ዓይንና አፍንጫ። ዓይኗ ዙሪያ ቆዳዋ ሮዝ ነው፤ በቴሌቪዥን አይታይም ይሄ። አጠገቧ ግልገሏ ነበረ። ጉማሬ ቀን ቀን ውኃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል እንደሆነ፣ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሌሊት እንደሆነ፣ ውኃ ውስጥም እንደ መዋኘት ሳይሆን መሬቱን እየረገጠ እንደሚሄድ በሹክሹክታ ነገሩን። እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል ሲሉን ባሌ ሰዓቱን እያየ ይቆጥር ጀመር። ያ ውኃ የሚፈራው ሰውዬ!

ከዚያ ከወዲያ ያለው ትልቁ አፉን በረገደው። ባሌ ሳቅ ብሎ «እንቅልፉ መጣ» አለ። ባለጀልባው ግን መቅዘፍ ጀምረው ነበር፣ ወደ ኋላ። «አላዛጋም፤ ሂዱልኝ እያለ ነው። ቤቱ ነው፣ ልክ ነው» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ጀልባውም አልተናወጠ። ትናንት የሳቀብን ሰውዬ ትዝ አለኝና ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

ከዚያ ዘጌ ተሻገርን። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ሆኖ ስለኖረ ነው ጫካውና ቡናው እስከ ዛሬ የተረፈው ይላሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፤ የግድግዳውን ሥዕል ብገልጸው አበላሸዋለሁ፣ ሄዳችሁ እዩ። ስንወጣ ባለጀልባው አብረውን አልተንጠላጠሉም። «እኔ ጀልባዬ ጋ ነኝ፣ ሰዓት አላችሁ፣ አትቸኩሉ» ብለው ሄዱ። ከቡናው ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ጦጣዎቹ ከላይ እየተንጫጩ። ስለ ልጆችም፣ ስለ ብድርም፣ ስለ ቤት ኪራይም ሳናወራ ሁለታችን ብቻ የተቀመጥንበት ጊዜ መቼ እንደነበረ አላስታውስም። ባለቤቴ «ማሳይ ማራ ይቅርብኝ» አለ። አላመንኩትም፤ ግን ደስ አለኝ።

በዚህ ላይ፣ እንደምታውቁት፣ እንግዳው ከቀነሰ ወዲህ ወደቡ ላይ ብዙ ጀልባ ታስሮ ነው የሚውለው። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ የሚቀሙና የሚያስደነግጡ ደግሞ ሰው ሲያንጋጉ ማየት ያናድዳል። ስለዚህ ሂዱ! ባሕር ዳር ያላችሁ ሂዱ፣ ከማርቆስም ከእንጅባራም የምትወርዱ ሂዱ፣ አዲስ ተጋቢዎች ሂዱ፣ እንደኛ የዘገያችሁም ሂዱ። ጋቢ ያዙ፣ ጠዋት ሐይቁ ላይ ይበርዳል። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ እሳቸው ጋ ይሄ አያስፈልግም፣ ሌላ ዘንድ ግን ያስፈልጋል።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ፤ ደላላ ያስቸግራቸዋል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ። ስትደውሉላቸው ማታውኑ ደውሉ፤ ጠዋት ሐይቅ ላይ ከሆኑ ስልክ አያነሱም።